«ሰው ሁሉ እየገዛ ነው» ተብሎ የዕቁባችን ብር አንድ አክሲዮን ላይ ሊፈስ ነው

የሜክሲኮዋ (ሰኞ፣ ማታ 2፡15)

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው። አሥራ አራት ሆነን በየወሩ አምስት አምስት ሺህ ብር ዕቁብ እንጥላለን። ስድስታችን ደርሶናል፣ ስምንት ሰው ይቀራል። ባለፈው ዓርብ ሻይ ሰዓት ላይ አንድ ባልደረባችን ስልኩን ጠረጴዛው መሀል አስቀምጦ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ዋጋ አሳየን። የዛሬ ሁለት ወር ይህን ያህል ነበር፣ ይኸው ዛሬ እጥፍ ሊሆን ነው። አንዷ «የወንድሜ ሚስት መሥሪያ ቤት ያሉት ሁሉ ገዝተዋል» አለች። ሌላው «ሦስተኛ ፎቅ ያሉትም ገብተዋል፣ የቀረነው እኛ ነን» ብሎ ጨመረ። ሻዩ ሳይበርድ ዕጣው እንዲቀርና የቀሪዎቹ ስምንት ዙሮች ብር፣ ማለትም 560,000 ብር፣ በአንድ ሰው ስም አክሲዮን እንዲገዛበት ሐሳብ ቀረበ። የምትስማሙ እጅ አውጡ ተባለ።

እዚህ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የፎቃችን የጽዳት ሠራተኛ የዕቁቡ አባል ናት። ገና አልደረሳትም፤ ሲደርሳት የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ እንደምትከፍልበት ሁላችንም እናውቃለን። እጅ መውጣት ሲጀምር አቀርቅራ ነበር። ከዚያ ቀና አለችና አንድ በአንድ ፊታችንን አየች። አሥር እጅ ሲሞላ ብርጭቆዋን አስቀምጣ እሷም አወጣች። እኔ ደግሞ ከእሷ በኋላ አወጣሁ። ቤቴ ስገባ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ይህን ነገር ከዚህ በፊት አንዴ ኖሬዋለሁና።

በ2012 ዓ.ም. በምሥረታ ላይ የነበረ አንድ ባንክ አክሲዮን ይሸጥ ነበር። ያን ጊዜ በምሥረታ ላይ ያሉት ባንኮች ብዙ ነበሩ፤ በየሕንፃው በር ጠረጴዛና ጃንጥላ ተዘርግቶ በራሪ ወረቀት ይታደል ነበር። እኔ የገዛሁት ምሳ በልቼ ስመለስ ሰው ተሰልፎ አይቼ ነው። ከተሰለፉት መካከል የድሮ አለቃዬ ነበሩ፤ በገንዘብ ነገር ጠንቃቃ መሆናቸውን ስለማውቅ «እሳቸው ከገዙ አጥንተውታል» አልኩና ከኋላቸው ቆምኩ። 50,000 ብር ከፈልኩ፣ በላዩ 2,500 ብር የአገልግሎት ክፍያ። በሚያዝያ 2013 ብሔራዊ ባንክ ለባንክ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አደረገው፤ የእኛው እዚያ መድረስ አልቻለም። ስብሰባ በስብሰባ ላይ ተጠራ። ብሩ ሲመለስልን 2015 ገብቶ ነበር፤ ያለ ወለድ፣ የአገልግሎት ክፍያውም ተቆርጦ ቀርቶ። ስገዛ የእናቴን ቤት ጣሪያ ሙሉውን ቆርቆሮ ማልበስ ይችል የነበረ ብር ሲመለስ ግማሹንም አላለበሰም።

ብሩን ልንቀበል ስንሰለፍ አለቃዬን አገኘኋቸው። «እርስዎ አጥንተውት መስሎኝ ነው እኮ የገዛሁት» አልኳቸው። «እኔ ደግሞ ያን ቀን ከፊቴ የባንክ ሠራተኞች ተሰልፈው አይቼ ነው፤ ከውስጥ የሚያውቁት ነገር ይኖራል ብዬ» አሉኝ።

ዕቁባችን የፊታችን ዓርብ የመጨረሻ ውሳኔ ይሰጣል። ጨለምተኛ ተብዬ መታየት አልፈልግም፣ ዝም ማለትም አልፈልግም። ምን ብዬ ልናገር?

አወያይ (ሰኞ፣ ማታ 2፡40)

ለሁሉም ተሳታፊ፦ የኩባንያውን ስም አትጠይቁ፣ አትገምቱ። ስለ ነገሩ እንወያይ።

የካዛንቺስ ልጅ (ሰኞ፣ ማታ 3፡05)

እትዬ፣ ያጋጠመዎት ያሳዝናል። ግን ያኔና አሁን አንድ አይደሉም። አሁን የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 አለ፣ የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አለ፣ ከጥር 2 ቀን 2017 ጀምሮ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ፣ ማለትም አክሲዮንና መሰል ሰነዶች የሚገበያዩበት፣ ተከፍቷል። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 ብር በላይ ሆነ፤ ባንክ ያስቀመጥኩት ብር ምን ይገዛ እንደነበርና ምን እንደሚገዛ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ሰውን ተከትሎ የሚገባው አእምሮውን ስለሳተ አይደለም፤ ብሩ እጁ ላይ እየቀለጠ ስለሆነ ነው። እኔም እዚያ ብሆን እጄን አወጣ ነበር።

ሰንጋ ተራ 12 (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30)

የምሠራው እዚሁ ባንኮቹ የተሰበሰቡበት ሰፈር፣ ፈቃድ ባለው የካፒታል ገበያ አገልግሎት ሰጪ ውስጥ ነው። የምጽፈው ግን የራሴን ሐሳብ ነው።

እትዬ የሜክሲኮዋ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ባልደረባዎ በስልኩ ያሳየው ዋጋ የት የተጻፈ ነው? የገበያው የራሱ መረጃ ነው፣ የኩባንያው አክሲዮን ክፍል ያረጋገጠው ነው፣ ወይስ ሌላ ቦታ? መርካቶ ገብተው ባለሱቁ የጠራው ዋጋና ተከራክረው የከፈሉት ዋጋ አንድ አይደለም። አክሲዮንም እንዲሁ ነው፤ «በዚህ እሸጣለሁ» የተባለበት ቁጥር የተሸጠበት ቁጥር አይደለም። የተሸጠበት ቢሆን እንኳ ስንት አክሲዮን እንደተሸጠ መታየት አለበት። ብዙ ገዢና ሻጭ በሌለበት ገበያ አንድ ሰው አሥር አክሲዮን በውድ ከገዛ፣ የሌሎቹ ባለአክሲዮኖች ሁሉ ሀብት በወረቀት ላይ አብሮ ያደገ ይመስላል። ሁሉም ልሽጥ ቢል ግን በዚያ ዋጋ የሚገዛ የለም።

ሁለተኛው የሚያስጨንቀኝ «በአንድ ሰው ስም» የሚለው ነው። ኩባንያው የሚያውቀው በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረውን ሰው ነው። የትርፍ ድርሻው የሚከፈለው ለእሱ ነው፣ ወደ ጉባኤ የሚጠራውም እሱ ነው። ያ ሰው ቢታመም፣ ቢፋታ፣ ዕዳ ቢኖርበት፣ ቢሞት፣ አሥራ ሦስታችሁ ከወራሾቹ ጋር ነው የምትከራከሩት። ዕቁብ በመተማመን የሚቆመው በየወሩ ስለምትተያዩና ብሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚዞር ነው። አክሲዮን ዓመታት ይቆያል።

ለካዛንቺስ ወንድሜ፦ ስለ ብሩ መቅለጥ ያልከው እውነት ነው፤ አልከራከርህም። ግን በምን ዋጋ እንደምትገባ ካላሰላህ መድኃኒቱ ከበሽታው ይብሳል። እንዲያው ለምሳሌ አንድ ሺህ ብር የተጻፈበት አክሲዮን 25 በመቶ የትርፍ ድርሻ ከፈለ እንበል፤ 250 ብር ነው። በአንድ ሺህ ለገዛው 25 በመቶ ነው። አንተ ሰው ስለተሻማበት በሦስት ሺህ ብር ከገዛኸው ያው 250 ብር 8.3 በመቶ ሆነ፣ ያውም ግብሩ ሳይነሳለት። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ መሆኑን አስታውስ። ኩባንያው ካፒታሉን ለማሳደግ አዲስ አክሲዮን ሲያወጣ ደግሞ ያው ትርፍ ለብዙ አክሲዮን ይካፈላል፤ አምና 250 የነበረው ዘንድሮ 180 ሊሆን ይችላል፣ ኩባንያው ሳይከስር። «25 በመቶ ይከፍላል» እየተባለ ሲወራ ይህን ሒሳብ የሠራ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ተክለሃይማኖት ሰፈር (ማክሰኞ፣ ቀን 7፡10)

እኔ ነጋዴ ነኝ። ሰው መከተልን እንዲህ እንደ ነውር አታድርጉት።

ከደርግ በኋላ በ1986 ዓ.ም. አዋጁ ወጥቶ የግል ባንክ ሲፈቀድ ነገሩ ለብዙ ሰው አዲስ ነበር፤ በግል ባንክ ማን ይተማመናል ይባል ነበር። አጎቴ ገዙ። እኔ ስለ ባንክ የማውቀው ደብተር ይዞ መሰለፍ ብቻ ነበር፤ አጎቴ ስለገዙ ገዛሁ። ከዚያ በየዓመቱ የትርፍ ድርሻውን መልሼ አክሲዮን አደረግሁት። ሁለት ልጆቼን ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኩት በዚያ ነው። አጎቴን ባልከተል ዛሬም ቆርቆሮና ሚስማር ብቻ ነበር የምሸጠው። ሁሉም ሰው ሒሳብ መግለጫ ማንበብ አይችልም፤ የማያነብ ሰው የሚያነበውን ቢከተል ምን ያድርግ?

አራት ኪሎ መምህር (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡20)

ይህ ጥያቄ የምወደው ስለሆነ ትንሽ ላስፋው።

ነጋዴው ወንድማችን ልክ ናቸው፣ መከተል በራሱ ሞኝነት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው የምንከተለው ሰውም ሌላውን እየተከተለ ሲሆን ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. አቢጂት ባነርጂ፣ በኋላ በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ፣ ስለ መንጋ ባሕርይ ባሳተመው ጽሑፍ ሁለት ምግብ ቤቶችን ምሳሌ አድርጓል። ወደ ፒያሳ ላምጣው።

ጎን ለጎን ሁለት ክትፎ ቤት አሉ፤ ግራና ቀኝ እንበላቸው። በከተማው ውስጥ ባላቸው ስም ግራው በአንዲት ጠብታ ይበልጣል፤ 51 ለ49። መቶ ሰው እየተከታተለ ይመጣል፣ እያንዳንዱ ከመምጣቱ በፊት አንድ የሚያምነውን ሰው ጠይቋል። ዘጠና ዘጠኙ የሰሙት «ቀኙ ይሻላል» ነው። አንዱ ብቻ «ግራው ይሻላል» ተብሏል፣ ያ ሰው ግን መጀመሪያ ደረሰ። ግራ ገባ። ሁለተኛው ቀኝን ሰምቶ መጥቷል፤ ግን ግራው ውስጥ ሰው ተቀምጦ ያያል። «ይኼ ሰው ግራው ይሻላል ተብሏል ማለት ነው፤ የእሱና የእኔ ይጣፋሉ፤ እንግዲያው የከተማው ስም ይወስን» ብሎ ግራ ይገባል። ሦስተኛው ሲመጣ ሁለት ሰው ግራ ተቀምጧል። አራተኛው ሲመጣ ሦስት። መቶኛው ሲመጣ ግራው መቆሚያ የለውም፣ ቀኙ ባዶ ነው፣ ዘጠና ዘጠኝ ሰው ደግሞ ቀኙ እንደሚሻል የሰማውን ሆዱ ውስጥ ይዞ ይበላል።

ልብ በሉ፣ ከመቶው አንዱም አላበደም። እያንዳንዱ ከፊቱ ባየው ላይ ተመርኩዞ አስቧል። ሰልፉ ግን የመቶ ሰው ይመስላል እንጂ የያዘው የአንድ ሰው ወሬ ነው። እትዬ የሜክሲኮዋ ያን ቀን ያዩት ሰልፍ ይኸው ነው፤ እርስዎ አለቃዎን፣ አለቃዎ የባንክ ሠራተኞቹን፣ እነሱ ደግሞ ማንን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ስለ እጅ ማውጣቱ ደግሞ ሌላ ጥናት አለ። በ1951 እ.ኤ.አ. ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎችን በቡድን አስቀምጦ የመስመሮችን ርዝመት እያወዳደሩ ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረገ። መልሱ ለዓይን ግልጽ ነው። ከአንዱ በቀር ሁሉም ግን አስቀድሞ የተመከሩ ነበሩና ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ይሰጡ ነበር። ያ ምንም ያልተነገረው ሰው ከሦስት ጊዜ አንዱን ያህል ዓይኑ ያየውን ትቶ ከእነሱ ጋር ተሳሳተ። እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያገኘው ነው፦ ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር መሳሳቱ በእጅጉ ቀነሰ፤ መልሱ በጽሑፍ ሲሆንም እንዲሁ።

ስለዚህ እትዬ፣ ዓርብ ዕለት ንግግር ማድረግ ላያስፈልግዎ ይችላል። «እጅ ከማውጣት በፊት ሁላችንም በወረቀት እንጻፍ፣ ማንም የማንንም አይይ» ይበሉ። ጥያቄውም «ትስማማላችሁ ወይ?» አይሁን፤ «ዕቁቡ ባይኖር ከራስህ ኪስ ስንት ብር ታስገባለህ? ስለ ኩባንያው ራስህ ያረጋገጥከው ምንድን ነው?» ይሁን።

ተክለሃይማኖት ሰፈር (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡55)

መምህር፣ ገባኝ። አጎቴ ሲገዙ ማንንም አልተከተሉም ነበር። አደራጆቹን በአካል ያውቋቸው ነበር፣ ከሁለቱ ጋር በንግድ ሠርተዋል። ይህን ሳልጽፈው ቀርቻለሁ።

ከናይሮቢ የተመለሰ (ማክሰኞ፣ ሌሊት 4፡30)

የጎረቤት አገር ነገር ላካፍላችሁ፤ እዚያው ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር እየሠራሁ በዓይኔ ያየሁት ነው።

በ2008 እ.ኤ.አ. የኬንያ መንግሥት ሳፋሪኮም ከተባለው የሞባይል ስልክ ኩባንያ ሩቡን፣ 10 ቢሊዮን አክሲዮን፣ በ5 ሽልንግ ሂሳብ ለሕዝብ አቀረበ። የባንኩ፣ የደላላው ቢሮ በር ሁሉ ሰልፍ ሆነ። ከባንክ ተበድሮ የገዛ ነበር፤ ባንኮቹም ለዚሁ ብለው ያበድሩ ነበር። እኔ በተከራየሁበት ግቢ ጠባቂው፣ ሱቅ ያላት ሴትዮ፣ አስተማሪው፣ ሁሉም ማመልከቻ ሞልተዋል። አስተማሪውን ለምን እንደሚገዛ ስጠይቀው ስለ ኩባንያው አንድ ነገር አልነገረኝም፤ የነገረኝ በመጀመሪያው ሳምንት ሽጦ በትርፉ ምን እንደሚገዛ ነው። ጎረቤቶቹም በመጀመሪያው ሳምንት ለመሸጥ ነበር የሚገዙት። ሁሉም በአንድ ሳምንት ሊሸጥ ካሰበ የሚገዛው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ያኔ የጠየቀ ሰው አላየሁም፣ እኔንም ጨምሮ።

የቀረበው ጥያቄ ከሚሸጠው አምስት እጥፍ ያህል ሆነ፤ ተራው ሰው ከጠየቀው አንድ አምስተኛ ገደማ ደረሰው። የተበደረ ሰው ላልደረሰው አክሲዮንም ወለድ ከፈለ። ሰኔ 2 ቀን 2000 በእኛ አቆጣጠር መገበያየት ሲጀመር ዋጋው ከ7 ሽልንግ አለፈ፤ ከዚያ መውረድ ጀመረ። የዓለም የገንዘብ ቀውስም ተጨመረበት። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ከ3 ሽልንግ በታች ነበር። ሰልፉ አሁን ለመሸጥ ሆነ። አስተማሪው ብድሩን ለመክፈል በኪሳራ ሸጠ፤ ጎረቤቶቹ ሲሸጡ አይቶ።

ሱቅ ያላት ሴትዮ አልሸጠችም። በብድር አልገዛችም፤ የሞባይል ካርድ ቸርቻሪ ስለነበረች በየቀኑ ስንት ካርድ እንደምትሸጥ ታውቃለች። «ዋጋው ይውረድ እንጂ ካርዱ አልቀነሰም» ትል ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ያ አክሲዮን ከ40 ሽልንግ በላይ ደረሰ። ኩባንያው አንድ ነው፣ የገዙትም በአንድ ዋጋ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ሲሻማ የገባው ሲሻማ ወጣ።

የካዛንቺስ ልጅ (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡50)

ይህን ሳነብ አምሽቻለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ መንጋ ወደ ኋላም ይነዳል። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 6 ቀን 2017 አክሲዮን መሸጥ ሲጀምር 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር ያቀረበው፣ እያንዳንዱ በ300 ብር። ትንሹ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። በቴሌብር ስለሆነ ሰልፍ የለም፣ ሰው ሲገዛ አይታይም። ጓደኞቼ ሁሉ «ሌላው ይግዛና እናያለን» ይሉ ነበር። ሽያጩ እስከ የካቲት 7 ተራዝሞ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮን፣ የገዛው 47,377 ሰው ነበር። የደንበኛ ሳቢ መግለጫውን፣ ማለትም ኩባንያው አክሲዮን ሲሸጥ ስለ ራሱ ያወጣውን ሰነድ፣ ከፍቶ አንብቦ «አይሆነኝም» ያለ ሰው መብቱ ነው። እኔ የማውቃቸው ግን አንዳቸውም አልከፈቱትም። እኔም አልከፈትኩትም ነበር፤ ያልገዛሁት ማንም ስላልገዛ ነው። አሁን ሳስበው ያልገዛሁበት ምክንያትና እጄን አወጣ ነበር ያልኩበት ምክንያት አንድ ነው።

ሰንጋ ተራ 12፣ አንድ ጥያቄ፦ ዋጋ ሲወጣ እየገቡ ሲወርድ ቶሎ እየወጡ መነገድስ?

ሰንጋ ተራ 12 (ረቡዕ፣ ቀን 6፡45)

ወንድሜ፣ በዚህ ላይ ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካ 66,465 ቤተሰቦችን ሒሳብ ከ1991 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ተከታትለው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ገበያው በዓመት 17.9 በመቶ አትርፏል። ቶሎ ቶሎ ሲገዙና ሲሸጡ የነበሩት 11.4 በመቶ ብቻ አገኙ። ልዩነቱን የበላው በዋናነት የግብይት ወጪ ነው። እዚያ ስልክ ደውሎ ወዲያው የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ባለበት እንዲህ ከሆነ፣ የተመዘገቡት ኩባንያዎች ገና ጥቂት በሆኑበት በእኛ ገበያ «ሲወርድ እወጣለሁ» የሚለው ዕቅድ የሚያምር የሚመስለው ገዢ እስካለ ብቻ ነው።

የፒያሳ ሽማግሌ (ረቡዕ፣ ማታ 12፡30)

ልጆቼ፣ የምትሉትን የልጅ ልጄ እያነበበችልኝ ሰማሁ። አክሲዮን በአዲስ አበባ ዛሬ የተጀመረ አይምሰላችሁ። በጃንሆይ ጊዜ፣ ከ1957 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ብሔራዊ ባንክ ሥር የአክሲዮን መገበያያ ቡድን ነበር። አባቴ ጥቂት አክሲዮን ነበራቸው። የሚገዛው ሰው ጥቂት ስለነበር እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ አንዱ ሸጠ ሲባል ማታውኑ ለምን ሸጠ ተብሎ ይጠየቃል። በ1967 ባንኩም ኢንሹራንሱም ፋብሪካውም ሲወረስ ያ ሁሉ ወረቀት ሆነ። አባቴ ወረቀቱን እስኪሞቱ ሣጥን ውስጥ አኑረውት ነበር።

ይህን ያነሣሁት ላስፈራችሁ አይደለም። አባቴ ንብረታቸው በሙሉ እዚያ አልነበረም። ቤት ነበራቸው፣ ደመወዝ ነበራቸው፤ እኛ ልጆቻቸው አልራብንም። ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ግን ያላት ያ የዕቁብ ዕጣ ብቻ ከሆነ፣ ከእናንተ ጋር አንድ ዓይነት ነገር እየገዛች አይደለም። እናንተ ትርፍ ትገዛላችሁ፣ እሷ የልጇን ዓመት ታስይዛለች።

የሜክሲኮዋ (ሐሙስ፣ ማታ 2፡00)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ደግሜ አነበብኩት።

ሰንጋ ተራ 12 የጠየቁኝን አጣራሁ። ዋጋው የተጻፈው ቴሌግራም ላይ ነው። ባልደረባችን የሚከታተለው ቻናል ውስጥ ስሙ የማይታወቅ ሰው «በዚህ ዋጋ አለ፣ ፈጥናችሁ ደውሉ» እያለ የሚለጥፈው ቁጥር ነው። ባልደረባችን ሊያታልለን አስቦ አይደለም፤ እሱም አምኖበታል፣ የራሱንም ብር ለማስገባት ተዘጋጅቷል።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ወደ ኩባንያው አክሲዮን ክፍል ሄድኩ። ቢሮው ከሜክሲኮ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። እነዚህን ሁሉ ቀናት አንዳችንም አልሄድንም ነበር። የተቀበለችኝ ልጅ ትሑት ናት። ባለፉት ሦስት ወራት በመዝገባቸው ላይ የሰፈረ የአክሲዮን ዝውውር ሁለት ብቻ እንደሆነ፣ አንዱም ከአባት ለልጅ የተላለፈ ስጦታ እንደሆነ ነገረችኝ። ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ቅጂ ሰጠችኝ፤ «ማንም ጠይቆን አያውቅም፣ ብዙ አለ» ብላ።

ሦስተኛ ፎቅም ወጣሁ። «ሁሉም ገብተዋል» የተባሉት ዘጠኝ ናቸው። የገዙት ሁለት። አንዱ ከአራት ዓመት በፊት በተጻፈበት ዋጋ የገዛ ነው፤ አሁን ቤት ሊገዛ ስለሆነ መሸጥ ይፈልጋል። የእኛ ዕቁብ ሊገዛ ነው መባሉን ሰምቶ ስንት እንደምንከፍል ጠየቀኝ።

አራት ኪሎ መምህር (ሐሙስ፣ ማታ 2፡25)

እትዬ፣ ዛሬ በአንድ ምሳ ሰዓት የሠሩት ሥራ ከመቶው ሰው አንዱም ያልሠራውን ነው። ቀኙን ክትፎ ቤት ከፍተው ገብተዋል። ነገ ወረቀቱን አይርሱ።

ሰንጋ ተራ 12 (ሐሙስ፣ ማታ 3፡10)

የቻናሉን ነገር ለካፒታል ገበያ ባለሥልጣን እንዲያሳውቁ እለምናለሁ። በአዋጁ መሠረት ያለ ፈቃድ አክሲዮን ማገበያየት የተከለከለ ነው፤ ገዢን ለማሳሳት ሐሰተኛ ዋጋ ማሰራጨትም እንዲሁ። የቻናሉን ስም፣ የተለጠፈበትን ቀንና ፎቶውን ይያዙ። ባልደረባዎን አስቀድመው ለብቻው ያነጋግሩት፤ በሰው ፊት ከሰማው ቁጥሩን ትቶ ክብሩን ነው የሚከላከለው።

የሜክሲኮዋ (ዓርብ፣ ማታ 1፡30)

ጠዋት ባልደረባችንን ደረጃው ላይ አገኘሁትና ሪፖርቱን ሰጥቼ ሁሉንም ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «እኔ እኮ ለሁላችሁም ብዬ ነው» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት፣ እውነትም አውቃለሁ።

ሻይ ሰዓት ላይ ወረቀቱን እኔ አደልኩ። አንድ ሁለት ሰዎች «ምን ምርጫ ቦርድ አደረግሽን» ብለው አጉረመረሙ፣ ግን ጻፉ። አሥራ አራቱን ወረቀት ጮክ ብዬ አነበብኩ። ባለፈው ሳምንት አሥራ ሦስት እጅ ነበር የወጣው። ዛሬ ከራሱ ኪስ ገንዘብ እንደሚያስገባ የጻፈው አራት ሰው ነው፤ አንዱ ባልደረባችን ነው፣ ግን ከአሰበው ግማሹን። «ስለ ኩባንያው ያረጋገጥከው ምንድን ነው?» የሚለውን ስድስት ሰው ባዶ ትቶታል፣ ሦስቱ «ሰው ሲያወራ ሰምቼ» ብለው ጽፈዋል። አንድ ወረቀት ላይ በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «እኔ ዕጣዬን በተራዬ እፈልጋለሁ፤ ባለፈው እጄን ያወጣሁት አፍሬ ነው» ይላል። ማን እንደጻፈችው ለማንም አልተናገርኩም። ሳነበው ግን ክፍሉ ጸጥ አለ።

ዕቁቡ እንደነበረው በዕጣ ይቀጥላል። መግዛት የሚፈልጉት አራቱ እያንዳንዳቸው በየስማቸው፣ የተረጋገጠ ዋጋ ካገኙ በኋላ ይገዛሉ። ከእነሱ ጋር ሐሙስ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ሪፖርቱን እያነበብን ነው የምንቆየው፤ እኔም ገብቼበታለሁ፣ ምናልባት በመጨረሻ ጥቂት እገዛ ይሆናል። ዕጣው ዛሬ ወጥቷል፣ ለሾፌራችን ደርሷል።

ሰንጋ ተራ 12፣ ሳላስቸግርዎ አንድ ነገር ይርዱኝ። ሪፖርቱ ላይ የዓመቱ ትርፍ ካምናው በሩብ ጨምሯል ይላል። ወደ ኋላ ገጾቹ ስሄድ ግን ከደንበኞች ገና ያልተሰበሰበው ሒሳብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሁለቱ አብረው እንዴት ይሄዳሉ?

ሰንጋ ተራ 12 (ዓርብ፣ ማታ 2፡05)

ጥሩ ቦታ ላይ ነው የቆሙት። ዕቃው በዱቤ ሲሸጥ ገንዘቡ ሳይገባም ትርፍ ተብሎ ይመዘገባል። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ የሚል ገጽ ይፈልጉ፤ «ከሥራ እንቅስቃሴ የተገኘ» ከሚለው ትይዩ ያለውን ቁጥር ከትርፉ ጎን ያስቀምጡና ይጻፉልኝ። የአምናውንም ጨምሩበት፣ እዚያው ገጽ ላይ አለ።